ሠላሳ ሰው በአንድ ስም

እትዬ መዝገብ የሚባሉት ስማቸው ሆኖ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በመሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት፣ መዝገብ ክፍል ውስጥ ከርመው ስሙ ተለጥፎባቸው ቀረ እንጂ። የገዛ ልጃቸው እንኳ ስልክ ስትደውል «መዝገብን አቅርቡልኝ» ማለት ከጀመረች ቆይታለች። እሳቸውም አይከፋቸውም። አሥራ ሁለት ሺህ ፋይል አላቸው፤ የሹሙም የዘበኛውም፣ የሞተውም ጡረታ የወጣውም፣ ከአለቃው ተጣልቶ በሩን ደርግሞት የሄደውም። የፈለጉትን ፋይል ቢጠይቋቸው መብራት ሳያበሩ በእጃቸው ዳብሰው ያወጡታል።

ታዲያ አንድ ቀን ከላይ ደብዳቤ ወረደ። «ዘመኑ የኮምፒውተር ነው» ይላል ደብዳቤው። ማንኛውም የቢሮ ሠራተኛ ከኮሌጅ የመሠረታዊ ኮምፒውተርና የቢሮ ሶፍትዌር ሥልጠና ወስዶ የምስክር ወረቀት ያቅርብ፤ ቀነ ገደቡ ካለፈ ግን በሌላ የሥራ መደብ ይመደባል። ይህ ደብዳቤ መጀመሪያ በእስክርቢቶ ተጽፎ፣ ቀጥሎ በጸሐፊዋ ተተይቦ፣ ታትሞ፣ ማኅተም አርፎበት፣ በሰባት ቅጂ ተባዝቶ ነው ክፍል ለክፍል የዞረው። አንዱ ቅጂ ፋይል እንዲደረግ ለእትዬ መዝገብ ደረሰ። የተላከባቸውን ዛቻ ራሳቸው በስተው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ በቦታው አስቀመጡት።

የሌላው የሥራ መደብ ምንነትም ወዲያው ታወቀ። የሰው ኃይል ኃላፊው ደረጃው ላይ አግኝቷቸው፣ «እትዬ፣ እንዳይጨነቁ፤ ባይሳካልዎ በር ላይ የሴቶች ፍተሻ ክፍት ቦታ አለ» አላቸው፤ እንደሚያጽናና ሰው ትከሻቸውን ነካ አድርጎ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ገመና ጠብቀው ኖረው፣ ጡረታ ሊወጡ ዓመት ተኩል ሲቀራቸው የሰው ቦርሳ ሊበረብሩ ነው! ያን ቀን ማታ ምግብ አልወረደላቸውም።

«እማዬ፣ ተመዝገቢና ተማሪ። አንቺ ምን ያቅትሻል?» አለች ልጃቸው።

«እኔ ምን አውቄ? እንዴት እንደሚበራ እንኳ አላውቅም።»

«የሚያስተምሩሽም እሱን ነዋ!»

ልጅቷ የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነበር። ኮሌጁ እንዴት እንደሚበራ ለማሳየት አምስት ቅዳሜ ፈጀበት።

የኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ «ጫማ አውልቁ» የሚል ተጽፏል። ሠላሳ ተማሪ ጫማውን በር ላይ እየደረደረ በካልሲ ይገባል። ኮምፒውተሮቹ አሥራ ሁለት ናቸው፤ ሁሉም አበባ ያለበት ጨርቅ ለብሰዋል። ከአሥራ ሁለቱ የሚሠሩት ስድስት ሲሆኑ፣ የተቀሩት ስድስቱ ክፍሉ ባዶ እንዳይመስል የተቀመጡ ናቸው። መምህሩ ልጅ እግር ነው፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ድምፁ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ።

«ጻፉ!» ይላል። «ኮምፒውተር ማለት መረጃን የሚቀበል፣ ነጠላ ሰረዝ፣ የሚያቀነባብር፣ ነጠላ ሰረዝ…»

ከእትዬ መዝገብ አጠገብ የሚቀመጠው የአምቡላንስ ሾፌር «ነጠላ ሰረዝ» የሚለውንም በፊደል ጻፈው። እትዬ አዩና በክርናቸው ጎሸም አደረጉት።

«ምን አጠፋሁ እትዬ? አንዱ የኮምፒውተሩ ክፍል መስሎኝ ነው።»

አምስት ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። የኮምፒውተርን ጥቅም ሸመደዱ። ማውስን ከፊትና ከጎን በእርሳስ ሳሉ። የቁልፍ ሰሌዳውን ከግራ ወደ ቀኝ በቃላቸው ወጡ። ጨርቁ ግን ከኮምፒውተሮቹ ላይ አልተነሳም። አዋላጅ ነርሷ አንድ ቀን እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ እኔ ማዋለድን የተማርኩት እናት እያየሁ ነው፤ ይሄን መቼ ነው የምናየው?» ብላ ብትጠይቅ፣ መምህሩ ፊቱ ቀልቶ «ንድፈ ሐሳብ ይቀድማል» አለ።

በስድስተኛው ቅዳሜ ጨርቁ ተገለጠ። ለአንድ ኮምፒውተር አምስት ሰው ደረሰ። እትዬ መዝገብ ማውሱን ጨብጠው ቀስቷን ወደ ቀኝ ሲነዱ፣ ሲነዱ፣ ጠረጴዛው አለቀባቸው።

«ልጄ፣ እስቲ ትንሽ ጠጋ በልልኝ፤ መንገዱ አላለቀልኝም» አሉ ለሾፌሩ።

«እትዬ፣ ማርሽ ይቀይሩ እንጂ! ያንሱትና ወደ ኋላ መልሰው ያሳርፉት።»

አነሱት፤ መልሰው አሳረፉት። ቀስቷ ካቆመችበት ቀጠለች። እትዬ መዝገብ ደስ ብሏቸው እንደ ልጅ ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩ ይገባቸው ጀመር። ፊደል እየፈለጉ በአንድ ጣት ይተይባሉ፤ ዝግ ይላሉ፤ ግን የጻፉትን አይረሱም።

ሰባተኛው ቅዳሜ የማስቀመጥ ትምህርት ነበር። የጻፋችሁትን ስም ሰጥታችሁ አስቀምጡ ተባለ። መምህሩ አንድ ነገር ደጋግሞ አስጠነቀቃቸው፦

«ኮምፒውተሩ አንዳንዴ ይጠይቃችኋል። ምንም ይጠይቃችሁ፣ ‹አዎ› በሉት። ያለፈው ዓመት አንዱ ተማሪ ‹አይ› ብሎት ኮምፒውተሩ ደርቆ ቀረ። ዲኑ የጠየቁት ተማሪውን እንዳይመስላችሁ፤ እኔን ነው።»

ተማሪው ሁሉ ጻፈ። ምንም ቢጠይቅ፣ አዎ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ሠላሳ ሰው በስድስት ኮምፒውተር አምስት ዙር ይፈተናል። ጥያቄው የዓመት ፈቃድ ማመልከቻ ጽፎ፣ ርእሱን አድምቆ፣ ባለ አምስት ረድፍ ሰንጠረዥ ሠርቶ፣ «ፈተና» በሚል ስም ማስቀመጥ ነው። እትዬ መዝገብ አራተኛው ኮምፒውተር ላይ ሁለተኛ ናቸው። አዋላጇ ከእሳቸው በፊት ጨርሳ ወጣች፤ ሾፌሩ ከእሳቸው በኋላ ነው፤ በመጨረሻ የሚቀመጠው ደግሞ የክፍል አለቃ የሆነው መጋዘን ጠባቂ።

እትዬ በአንድ ጣታቸው እየቆነጠሩ ጻፉ። «በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቴ ፈቃድ ወስጄ ስለማላውቅ» ብለው ጀመሩ፤ ይሄ ደግሞ የፈጠራ ነገር አልነበረም። ርእሱን አደመቁ፤ ሰንጠረዡን ሠሩ። ከዚያ ስሙን «ፈተና» ብለው ሊያስቀምጡ ሲሉ አንዲት ሳጥን ብቅ አለችባቸው፦ በዚህ ስም ሌላ ፋይል አለ፤ በእሱ ቦታ ይተካ?

እትዬ መዝገብ እጃቸውን ከማውሱ ላይ አነሱ። ሌላ ፋይል አለ? የማን? ከእኔ በፊት የተቀመጠችው አዋላጇ ናት። እንግዲያው የእሷ ነው። መተካት ማለት ደግሞ በእሳቸው ቤት ግልጽ ነው፤ አንዱ የሚተካው ሌላው ሲነሳ ነው።

«መምህር!» አሉ እጃቸውን አውጥተው። «እዚህ ሰው አለ።»

«ማን አለ?»

«ፋይሉ ውስጥ። የሰው ወረቀት አለበት።»

«እትዬ፣ በፈተና ሰዓት ጥያቄ የለም! አዎ ይበሉት!»

አላሉትም። ሠላሳ አንድ ዓመት የአንዱን ወረቀት በሌላው ላይ ጭነው አያውቁም፤ ዛሬ ምን ቆርጧቸው! ሳጥኗን ዘጉና እንደ ልማዳቸው ቁጥር ሰጡት። አራተኛ ኮምፒውተር፣ ሁለተኛ ሰው፦ አራት በሁለት፣ በመሐሉ እዝባር። ኮምፒውተሩ እዝባሩን አልቀበልም አለ። ዕድሜ ልካቸውን ያለ እዝባር ቁጥር ሰጥተው የማያውቁት ሴትዮ እየከበዳቸው ሰረዝ አደረጉለት። «4-2»። ተቀመጠ። ተነሱ። ሾፌሩ ገባ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ውጤቱ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ሰው ተጋፍቶ ያያል፣ ይጮኻል፣ ይተቃቀፋል። ከሠላሳው ሃያ ዘጠኙ አልፈዋል። ልብ ብሎ ላየው ግን ውጤቱ ጉድ ነው፤ በአንደኛው ኮምፒውተር የተፈተኑት አምስቱም ሰማንያ አንድ፣ በሁለተኛው አምስቱም ስድሳ ስምንት እያለ ይሄዳል። አራተኛው ላይ ሰባ አራት፣ ሰባ አራት፣ ሰባ አራት፣ ሰባ አራት። በእትዬ መዝገብ ስም ፊት ግን «ፋይል አልተገኘም፤ ወድቀዋል» ይላል።

«ከአዋላጇ እኩል አመጣሁ!» እያለ ሾፌሩ ይዘላል። «እኔ እኮ ሰንጠረዡን አልሠራሁትም!»

ቀነ ገደቡ ሰኞ ነው። እትዬ መዝገብ መምህሩን ፈልገው ባዶው የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ አገኙት፤ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«መምህር፣ የእኔ ፋይል ጠፋ ይባላል። እኔ ፋይል አጥፍቼ አላውቅም።»

መጀመሪያ «በተባሉት ስም አላስቀመጡም» ብሎ ሊቆጣ ሞከረ። ድምፁ ግን እምቢ አለው። በሩን ዞር ብሎ አየና ሹክ አላቸው።

«እትዬ፣ የተገኘው ስድስት ፋይል ብቻ ነው።»

«ሠላሳ ሰው ተፈትኖ?»

«ሁሉም በአንድ ስም አስቀመጠ። የኋለኛው የፊተኛውን እየዋጠ፣ እየዋጠ… በየኮምፒውተሩ የቀረው የመጨረሻው ሰው ብቻ ነው። ‹አዎ በሉት› ያልኳቸው እኔ ነኝ። ለዲኑ ብነግራቸው የሪፖርት ጊዜ ደርሷል አሉኝ፤ ስለዚህ ያለውን አርሜ ለአምስት አምስት ሰው አካፈልኩት።»

እትዬ መዝገብ እስከዚያች ሰዓት አንቱ ይሉት ነበር። አሁን ግን አንቱታው ቀረ።

«አይ ልጄ! ምነው ያኔ ‹ሰው አለበት› ስልህ ብትሰማኝ?»

ተያይዘው ወደ ዲኑ ሄዱ። ዲኑ ሰፊ ጠረጴዛ አላቸው። ጠረጴዛው ላይ አዲስ ኮምፒውተር አለ፤ ከነላስቲኩ።

«ሪፖርቱ ሄዷል» አሉ ዲኑ። «ሃያ ዘጠኝ አልፏል፣ አንድ ወድቋል ብለናል። አንድ ሰው መውደቁ ደግሞ ደግ ነው፤ ፈተናው ጠንካራ እንደነበር ያሳያል።»

«የወደቅኩት እኮ እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። የራሱ ወረቀት ያለው ሰውም እኔ ነኝ።»

«ስሙ ትክክል አይደለማ!» ካሉ በኋላ ግን ዲኑ የሰው ሽበት ፊታቸው ቆሞ ሲያዩ ለዘብ አሉ። «ለእርስዎ ብዬ አንድ ነገር ላድርግ። አራተኛው ኮምፒውተር ላይ ‹ፈተና› የሚል ፋይል አለ። የእኔ ነው ብለው ይፈርሙ፤ እንደ ጓደኞችዎ ሰባ አራት ይያዝልዎ። የምስክር ወረቀቱ ዛሬ ይሠራል።»

ፋይሉ ታትሞ ቀረበ። የመጋዘን ጠባቂው ማመልከቻ ነው። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፦ «ባለቤቴ ወንድ ልጅ ስለ ተገላገለችልኝ የአሥር ቀን ፈቃድ እንዲሰጠኝ…»

«እኔ ነኝ ሚስቴ የወለደችልኝ?»

«እትዬ፣ ማን ያነበዋል?»

«እኔ ነኛ! የምስክር ወረቀቱና የፈተናው ወረቀት የሚመጣው እኔ ጋ ነው። የማነበውም የምበሳውም እኔ ነኝ።»

ቢሆንም እስክርቢቶው እጃቸው ላይ ነበር። አንድ ፊርማ ነው። ሰኞ ጠዋት ምድር ቤታቸው ይወርዳሉ፤ ማንም አይሰማም። ባይፈርሙ ደግሞ በር ላይ ቆመው፣ የሚያውቋቸውን ሴቶች ቦርሳ «ክፈቺልኝ፣ እህቴ» ሊሉ ነው። እስክርቢቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ትንሽ ልተንፍስ» ብለው ወጡ።

ደጅ ላይ ሃያ ዘጠኙም ከበቧቸው፤ ወሬው ከሳቸው ቀድሞ ደርሷል።

«እትዬ፣ በሞቴ ይፈርሙ!» አለ መጋዘን ጠባቂው። «ማመልከቻው የጋራችን ይሁን። ልጁም የጋራችን ይሁን!»

«እኔ እንደገና ብፈተን አለቀልኝ» አለ ሾፌሩ። «ሰንጠረዥ ጠላቴ ነው። ይህን ወረቀት ካላመጣሁ ከአምቡላንስ አውርደው ቆሻሻ መኪና ላይ ሊያስቀምጡኝ ነው።»

አዋላጇ ግን፣ «የእኔስ ጽሑፍ የት ሄደ?» አለች። «ሰንጠረዡን በቀለም ሳይቀር ነበር የሠራሁት።»

ሁሉም ሾፌሩን አየ። ከእትዬ በኋላ የተቀመጠው እሱ ነው።

«እኔ ነኝ እንዴ የደመሰስኩሽ?»

«ይተካ ሲልህ ምን አልከው?»

«አዎ አልኩት። ምን ላድርግ፣ ተብሎ!»

አዋላጇ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ ግን ወዲያው አለቀባት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እትዬ መዝገብ እሷን ሲያዩ ልባቸው ቆረጠ። ይህቺ ልጅ የጻፈችው የትም የለም፤ እሳቸውም ቢፈርሙ የእሳቸው የትም አይኖርም።

«ስሙኝ ልጆቼ» አሉ። «ማንንም አላሳጣም። ግን የምስክር ወረቀታችሁን ነገ አለቃችሁ ይዞ ‹በል ጻፍ› ቢላችሁ ምን ልትሆኑ ነው? ዛሬ ሁላችንም እዚህ ነን። ኮምፒውተሮቹም አሉ። ሾፌሬ፣ ሰንጠረዥ ማለት መደርደሪያ ነው፤ አግድም ፎቁ፣ ቁልቁል መክፈያው። መደርደሪያ ይፈራል?»

ተመልሰው ዲኑ ፊት ተቀመጡ። የሚፈርሙ መስሏቸው ዲኑ እስክርቢቶ አቀበሏቸው። እትዬ ግን ባዶ ወረቀት ሳቡና ከታች፣ ከገጹ ግርጌ ጀመሩ። «ግልባጭ» ብለው ጻፉ፤ ከሥሩም ግልባጩ የሚደርሳቸውን መሥሪያ ቤቶች በጥሩ እጅ ጽሑፍ እያስከተሉ ወረዱ። የማን ግልባጭ የት ሲደርስ ማን እንደሚጠራ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ዲኑ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። የመጀመሪያው ሲጻፍ ፈገግ ብለው ነበር፤ ሁለተኛው ላይ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ፤ አራተኛው ላይ ሲደርሱ «ይቆዩ፣ ይቆዩ፣ እትዬ!» አሉ። «ፍሬ ነገሩ ምንድን ነው?»

«ፍሬ ነገሩ ገና አልተጻፈም። የሚጻፈው እንደ እርስዎ መልስ ነው።»

«ምን ይሻላል?»

«እንፈተን። እያንዳንዱ በየራሱ ቁጥር። እስከ ስድስት ሰዓት ይበቃናል።»

ዲኑ የግልባጩን ዝርዝር አንዴ፣ በሩን አንዴ አይተው፣ «ከሃያ ዘጠኝ እንዳይወርድ ብቻ!» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩት ደስ ይላችሁ ነበር። እትዬ መዝገብ ከኮምፒውተር ክፍሉ ደጃፍ ወንበር ይዘው ተቀመጡ፤ ወረቀት እየቀደዱ ለሚገባው ሁሉ ቁጥር ይሰጣሉ። «አንተ ሦስት ሰረዝ አንድ። አንቺ አራት ሰረዝ አንድ፣ ቀለሙንም እንደ ቅድሙ አድርጊው። ይተካ ቢላችሁ ማንን እንደሆነ እዩ።» መምህሩ ተማሪውን ሁሉ ትከሻ ለትከሻ እየዞረ ያያል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ሾፌሩ ላብ በላብ ሆኖ «አንደኛ ፎቅ… ሁለተኛ ፎቅ…» ይላል። መጋዘን ጠባቂው ያንኑ ማመልከቻ ቃል በቃል መልሶ ጻፈው፤ ልጁ ግን በዚህኛው ላይ ሴት ሆናለች። ቸኩሎ ነው ይላል፤ ማንም አልጠየቀውም።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሠላሳ ፋይል ተቀምጦ ነበር። መምህሩ እዚያው እያንዳንዱን ከፍቶ አረመ። አዋላጇ ዘጠና ሁለት። ሾፌሩ ሃምሳ አንድ፤ ማለፊያው ሃምሳ ነው፤ ወረቀቱን ግንባሩ ላይ አስነካ። የእትዬ መዝገብ ያለፈው ሳምንት «4-2» ሳይነካ በቦታው ተገኘና ስድሳ ስድስት ያዙ።

«አንዱ ረድፍ ጎድሎብዎታል፣ እትዬ። አራት ነው ያለው።»

«መነጽሬን ሳልጠርግ ነው» አሉ እትዬ፤ ግን ሰው ሲቆጥርላቸው ደስ ብሏቸው ነበር።

ከሠላሳው አንድም አልወደቀም። ይሄ ደግሞ ለዲኑ ሌላ ጭንቅ አመጣ።

«ሪፖርቱ እኮ አንድ ሰው ወድቋል ይላል!» አሉ ግራ ገብቷቸው። «አሁን ማንን አንድ ላድርግ?»

ሁሉም እግሩን አየ። ያን ጊዜ መምህሩ እጁን አወጣ፤ እንደ ተማሪ።

«እኔን ይጻፉኝ፣ ጌታዬ።»

ሰው ሁሉ ሊስቅ ሲል ዲኑ ጻፉት። በሪፖርቱ ማሟያ ላይ «አንድ ሰው በድጋሚ ይሠለጥናል» ብለው አስገቡት፤ ሒሳቡም ገጠመ። እትዬ መዝገብ ሲወጡ ልጁን አቅፈው ሁለት ጉንጩን ሳሙት።

ሰኞ ጠዋት የምስክር ወረቀታቸውን ይዘው የሰው ኃይል ኃላፊው ቢሮ ገቡ። ኃላፊው ገልበጥ አድርጎ አየውና፣ «ስድሳ ስድስት! እትዬ፣ ትንሽ ዝቅ አይልም? ከሌላ መሥሪያ ቤት ሰባ አራት ያመጡ አሉ አሉ» አላቸው።

«የእኔ ነው» አሉ እትዬ። «ፈርመህ ተቀበለኝ።»

ፈረመ። ፍተሻ ቦታው ላይ በእርሳስ የተጻፈውን የእሳቸውን ስም ሲያጠፋ ቆመው አዩ፤ አጥፍቶ እስኪጨርስ አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ ወደ ምድር ቤት ወረዱ። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ይጠብቃሉ።

«እህቴ፣ ጡረታዬን ልጨርስ መጥቼ፣ ላይ ቤት ኮምፒውተሩን አይተው ‹እርስዎ የሉም› አሉኝ።»

«ግቡ አባቴ» አሉ እትዬ መዝገብ ቁልፉን እያዞሩ። «የት ክፍል ነበር የሚሠሩት?»